ባሌስትራ ከመጨመራችሁ በፊት

እናቴ ሐረር ሸዋ በር ስንደርስ ከፒካፔ ወረደች። ወገቧን ይዛ ትንሽ ቆመችና "ልጄ፣ ስመለስ በሚኒባስ ነው" አለችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰው እንዳይሰማብኝ ብላ ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ከድሬዳዋ ሐረር ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። በዚህ መንገድ ሰው ወገቡን የሚያመው መኪናው ታሞ ከሆነ ነው። የኔዋ ታማ ነበር። ያሳመምኳትም እኔው ነኝ፣ ያውም ከፍዬ።

መኪናዋ ኤል ኤን 106 የምንላት የድሮዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ደብል ጋቢና፣ ባለ 2.8 ናፍጣ ሞተር። በጨረታ ነው የገዛኋት። የዚህች ሞዴል ደስ የሚለው ነገር የኋላዋም የፊቷም ባሌስትራ (መኪናውን ከሥር የሚሸከሙት የተደራረቡ ጎባጣ ብረቶች) መሆኑ ነው። ፊቱ ቶርሽን ባር ወይም ሞላ፣ ማለትም ሌላ ዓይነት ስፕሪንግ የሆነ ፒካፕ ያላችሁ፣ ስለ ባሌስትራ የምለውን ለኋላው ብቻ ውሰዱት።

ሥራዬ ከሐረማያ በኩል ድንችና ሽንኩርት ጭኖ ወደ ድሬ መውረድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ወደ ጀልዴሳ እቃ አደርሳለሁ፤ እዚያ መንገዱ አሸዋና ጠጠር ነው። ስለዚህ መኪናዬ ግማሹን ቀን ሙሉ ጭነት፣ ግማሹን ቀን ባዶ ነች። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

እንዴት እንዳበላሸኋት

ችግሩ ሲጀምር ቀላል ነበር። ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ወደ ግራ ያዘነብላል። ድንች ስሞላ ጎርበጥ ያለ ቦታ ላይ ጎማው ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን ክዳን) ይነካል። ማንን ባማክር ምን እንደሚለኝ የሚጠፋው የድሬ ልጅ የለም፤ "አቦ፣ ሁለት ባሌስትራ ጨምርበትና ተገላገል!"

ጨመርኩ። ከአሮጌ እቃ ቤት ሁለት ወፋፍራም ብረት ገዛሁ። በግማሽ ቀን ተገጠመ። የመኪናዋ ቂጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነሳ። ቆማ ሳያት ኮራሁ። ከዚራ ወስጄ ጥላ ሥር አቆምኳትና ሻይ እየጠጣሁ ሁለት ሰዓት ያህል ሳያት ቆየሁ።

ባዶዋን ስነዳት ግን ድንጋይ ሆናለች። ፍጥነት መቀነሻ ላይ የኋላው ይዘላል እንጂ አይታጠፍም። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የአንድ ባሌስትራ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው 8 እጥፍ ይሆናል። የኔዎቹ 7 ሚሊ ሜትር ነበሩ፣ የጨመርኳቸው 10። ሦስት ሚሊ ሜትር ምን አላት ትላላችሁ። ግን አንዷ የተጨመረች ብረት እንደ ሦስቱ የድሮዎች ነው የምትጠነክረው። እኔ ሁለት ባሌስትራ ጨመርኩ ብዬ አስብ ነበር። የጨመርኩት ስድስት ነው።

እናቴን ወደ ሐረር የወሰድኳት ያን ሰሞን ነው።

የወገብ ሕመሙ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ የመጣው ከደንገጎ ስወርድ ነው። ድንች ሞልቻለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ሦስት ኩርባ እንዳለፍኩ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ። ከዚያ የፍሬኑ ፔዳል እግሬ ሥር ለሰለሰ። በሁለተኛ ማርሽ አስጨንቄ ዳር ያዝኩ። ወርደን ስናይ የፊት ጎማዎቹ ይጨሳሉ። ረዳቴ ጀሪካን ይዞ ዲስኩ ላይ ውሃ ሊደፋ ሲሮጥ በጩኸት ነው ያስቆምኩት። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ይጣመማል ወይ ይሰነጠቃል። አንድ ሰዓት ቁጭ ብለን አቀዘቀዝነው።

የፍሬን ሸራ መሰለኝ። አስቀየርኩ። በሳምንቱ ያው ሽታ ተመለሰ።

ማንም ያልነገረኝ ዘንግ

ሰው የጠቆመኝ ሽማግሌ ባሌስትራ በመምታት ነው የሚታወቀው። ልጅ ሆኖ በባቡሩ ወርክሾፕ ነው ሙያ የተማረው፤ የድሮ ፉርጎዎች የሚቀመጡት ባሌስትራ ላይ ነበር። (ሌላ አገር ላላችሁ፣ ሽማግሌውን "አንተ" ማለቴ ብልግና እንዳይመስላችሁ። ድሬ አንቱታ አይወድም። እሱንም አንቱ ብለው ይቀየመኛል።)

መኪናዋን አየና ስለ ባሌስትራው ምንም አላለም። ሥሯ ገብቶ ተኛ። ከዚያ እጁን ብቻ አውጥቶ ጠራኝ።

"ይቺን ታውቃታለህ?"

ከኋላ ዲፈረንሻሉ ተነስታ ሻንሲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር የምትገናኝ ቀጭን ዘንግ ናት። ሦስት ዓመት ነድቼ አንድ ቀን ልብ ብያት አላውቅም።

ሥራዋ ይህ ነው። ጭነት ሲበዛ ካሶኒው ይወርዳል። ሲወርድ ዘንጓ ቫልቩን ታንቀሳቅሳለች፤ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ግፊት ይጨምራል። መኪናው ባዶ ሲሆን ካሶኒው ከፍ ይላል፣ ቫልቩም የኋላ ጎማ ቆልፎ መኪናው እንዳይዞር ግፊቱን ይቀንሳል። እኔ ቂጧን 5 ሴንቲ ሜትር አነሳሁ፣ ድንች ቢጫንም የማይታጠፍ ብረት አስገባሁ። ቫልቩ ምን አየ? ባዶ መኪና። የኋላ ፍሬን ከሥራ ወጣ ማለት ይቻላል፤ ሙሉ ድንች ተሸክሞ ደንገጎን የሚወርደው የፊት ፍሬን ብቻውን ሆነ።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። የፒካፓችሁን የኋላ ቁመት ከመንካታችሁ በፊት ከሥር ገብታችሁ ይህች ዘንግ መኖሯን እዩ። ካለች፣ ቁመቱ ሲቀየር እሷም መስተካከል አለባት፤ ያም በግፊት መለኪያ በፍሬን ባለሙያ የሚሠራ ነው። ዘንጓን ነቅለው የሚጥሉ ጋራዦች አሉ። እንዳትስማሙ።

መጀመሪያ ሜትር፣ ከዚያ ቁልፍ

ሽማግሌው የጨመርኳቸውን ሁለቱን አስወጣና ጥግ ጣላቸው። ከዚያ ሜትር አምጣ አለኝ። ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁመን፣ የአራቱንም ጎማ ንፋስ እኩል አድርገን፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካን። ግራ የኋላው ከቀኙ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወርዷል። የፊቱ ልዩነት ትንሽ ነው። ቁጥሮቹን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፋቸው።

ለካሁ ብሎ ነገር ከዚያ በፊት አላደረግኩም ነበር። በዓይኔ አይቼ "ወድቃለች" አልኩ፣ ሰውም "ጨምርበት" አለ፣ አለቀ። ስንለካ የታየው ግን አንድ ጎን ብቻ መድከሙ ነው። ሁለቱንም ጎን ማጠንከር ምን አመጣው?

ቀጥሎ ባሌስትራውን ፈታን። አንድ በአንድ ተለያየ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ። ከዚያ ያደረገውን ነገር እስከዛሬ አልረሳውም። እያንዳንዱን ብረት በናፍጣ አርሶ ትንሽ አቆየና በጨርቅ አጥርቶ ጠረገው። የጠመኔ ዱቄት ቀባበት። ቁጭ ብለን ሻይ ጠጣን። ስንመለስ ከላይኛው ሁለተኛው ብረት ላይ፣ መሃል ካለው ቀዳዳ አጠገብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ነጩ ላይ ወጥታለች። ስንጥቅ ናት። ናፍጣው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተደብቆ ነበር፤ ጠመኔው መጠጠው። በዓይን አይታይም ነበር፣ በጣትም ዳብሼው አልተሰማኝም። ግራው የወደቀው በሷ ምክንያት ነው።

ብየዳ እንበይደው? ብዬ ጠየቅኩ። ሳቀብኝ። ባሌስትራ አይበየድም። ተበይዶ የቆየ ካያችሁ ዕድለኛ ነው።

ለተሰነጠቀው ምትክ ከአሮጌ እቃ ቤት ፈለግን። እዚህ ላይ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። ስፋቱ ያው መሆን አለበት፤ የኔ 60 ሚሊ ሜትር ነው። ከአይሱዙ የወጣውን ሰፊውን "ይገባልሃል" ብለው ሊሰጡኝ ነበር። ውፍረቱም ያው ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ፣ እኔ በገንዘቤ ነው የተማርኩት።

የተቀሩት ብረቶች ጤነኛ ናቸው፣ ግን ጎንበስ ያለ ቅርጻቸውን አጥተው ተዘርግተዋል። እነዚህን ነው ማስመታት የሚባለው። ሽማግሌው ከቀኙ፣ ብዙም ካልደከመው፣ አንዱን ብረት ሲሚንቶው ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በጠመኔ ሳለ። ያ ሥዕል ነው ልኩ። ከዚያ የደከመውን መስፍ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ፣ ከጫፍ ጀምሮ በየሁለት ጣቱ፣ አንድ አንድ ጊዜ ይመታል። አስር ጊዜ መትቶ ሥዕሉ ላይ ያስተኛዋል። ያያል። ያነሳል። እንደገና ይመታል። አይቸኩልም። ለአንዷ ብረት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

እሳት የለም። ጎረቤት ያለው ልጅ በኦክስጅን አግሎ በአምስት ደቂቃ ያጎብጣል። ለምን አንተም አታግለውም አልኩት።

"እሳት የነካው ባሌስትራ ወይ ሊጥ ይሆናል ወይ ብርጭቆ" አለኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ባሌስትራ ስፕሪንግ የሚሆነው ፋብሪካ ውስጥ ግሎ፣ በልኩ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ እንደገና በልኩ ሞቆ ስለወጣ ነው። አግለህ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ይለሰልስና በወሩ ይዘረጋል። ውሃ ውስጥ ከከተትከው ደግሞ ይደርቅና ጉድጓድ ላይ ይሰበራል። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ምድጃ ካለው ሰው በቀር የሚያግል ጋራዥ አትስጡ። በብርድ የተመታውም ዕድሜ ልክ አይቆይም፣ ብረቱ ያው አርጅቷል። የኔው ግን ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ቁመቷ ተመትቶ ሲገጠም ከነበረው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚለያየው።

ስትገጥሙ

ዩ-ቦልቶቹን፣ ባሌስትራውን ከአክሱ (ጎማዎቹን ከሚይዘው ወፍራም ብረት) ጋር የሚያስሩትን ጎባጣ ብሎኖች፣ አዲስ ግዙ። አሮጌው አንዴ ተወጥሯል፣ ደግማችሁ ስታጠብቁት ይሳባል ወይ ጥርሱ ይበላል። አራቱን ዳዶ በየተራ፣ በመስቀልያ አጥብቁ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና። ይህን የረሳ ጓደኛ አለኝ። መሃል ያለው ፒን ተቆርጦበት አክሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ መኪናው እንደ ሸርጣን እየሄደ ነው ከተማ የገባው።

ጎሚኒው (ባሌስትራው ጆሮ ውስጥ የሚገባው የጎማ ቀለበት) ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ የባሌስትራውን ጆሮ ብሎን አጥብቀው ይጨርሳሉ። እንዲህ ከሆነ ጎሚኒው መኪናው በተንጠለጠለበት ቦታ ይነከሳል፣ ሲወርድ ደግሞ ተጠማዞ ይቀራል። በጥቂት ወር ተበጣጥሶ ያልቃል። ሁሉንም በእጅ ብቻ አስገቡ፣ መኪናውን አውርዱ፣ ትንሽ ወዝውዙት፣ ከዚያ አጥብቁ። ምንም ወጪ የለውም።

ዋናው የጎማ ጎሚኒ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ናይለን ያስወጣሉ። እኔ ከኋላ ናይለን፣ ከፊት ጎማ ነው ያደረግኩት። ናይለን አይበላም፣ ግን የመንገዱን ንዝረት ሁሉ ወደ ጋቢና ያመጣል፣ ይጮኻልም። ፊት ላይ አልመክርም።

በብረቶቹ መሃል ግሪስ ስለመቀባት ሁለት ሃሳብ አለ። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚሄድ ጥሩ ነው። የጀልዴሳ ዓይነት አሸዋ ላይ ግን ግሪሱ አሸዋውን ይዞ ሞረድ ይሆናል። እኔ ጫፍ ጫፉን ብቻ፣ በጣም ስስ አድርጌ ነው የቀባሁት።

አሞርዛተር

ሾክ የምትሉትን ማለቴ ነው። ሰው ካሶኒው ሲወድቅ አሞርዛተር ይቀይራል። አሞርዛተር መኪና አይሸከምም። የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፣ አሞርዛተሩ ባሌስትራው ተወርውሮ እንዳይዘል ይይዘዋል። ስለዚህ መኪናችሁ ዝቅ ካለ አሞርዛተር አታስቀይሩ፣ ከዘለለ ባሌስትራ አትጨምሩ። እኔ ሁለቱንም ገልብጬ ነው የሠራሁት።

የሞተውን ለመለየት ባዶ ፒካፕን ገፍቶ መልቀቅ ብዙ አያሳይም፣ ባሌስትራው ጠንካራ ነው። ሽማግሌው ያሳየኝ ሌላ መላ ነው። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ሩብ ሰዓት ነድታችሁ ቁሙና አራቱን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ከጭስ ማውጫው እየተጠነቀቃችሁ። የሚሠራው ይሞቃል፣ ምክንያቱም ንዝረቱን ውጦ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ከጓደኞቹ ተለይቶ የቀዘቀዘው ሞቷል። በድሬ ፀሐይ ሁሉም ነገር ይሞቃል፣ ስለዚህ ማለዳ ሞክሩት።

የኔ ሁለቱ የኋላዎች ሞተው ነበር። ሁለቱን ብቻ ቀየርኩ። ስትቀይሩ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንዱን። ስትገዙ ዘንጉን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳቡና ግፉት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መያዝ አለበት፣ መሃል ላይ ባዶ የሚሄድ ቦታ ካለው ተዉት። ሲሳብ ከመገፋቱ ይልቅ ቢከብድ ጤነኛ ነው። የዘይት ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊት አቁማችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ሳቡና ግፉት፣ ተጋድሞ ሳለ የገባው አየር እንዲወጣ። ጥሩ የጃፓን ስም የተጻፈበት ካርቶን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ ካርቶን ማተም ቀላል ነው።

ጎማ፣ ከሁሉ የረከሰው

ይህን መጨረሻ ላይ ማምጣቴ ጥፋት ነው፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነው። ለድንች ብዬ የኋላውን ጎማ ሁልጊዜ ጢም አድርጌ ነበር የምነፋው። ባዶ ስመለስም እንደዚያው። አሁን ባዶ ስሄድ 30፣ ስጭን 45 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ይህ ለኔ ጎማ ነው፤ የእናንተን መኪናው በር አጠገብ ካለው ጽሑፍና ከጎማው ጎን አንብቡ። የምትለኩት ማለዳ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ሙቀቱ አምስት ስድስት ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፣ ድሬ ቀትር ላይ ለክታችሁ ብትቀንሱ በነጋታው ማለዳ ሐረር ላይ ጎማችሁ አንሶ ታገኙታላችሁ።

ወጪውን በብር ብጽፈው ይህን እስክታነቡ ይቀየራል። በንጽጽር ልንገራችሁ፤ ማስመታቱ፣ ምትኩ ብረት፣ ዩ-ቦልቶቹ፣ ጎሚኒውና ቶርኖው ተደምሮ የሁለቱን አዲስ አሞርዛተር ዋጋ አልሞላም። አዲስ ባሌስትራ ሙሉውን ልግዛ ብል ኖሮ ይህን ሥራ ሦስቴ ያሠራኝ ነበር።

ለውበት መኪና የምታስነሱ ልጆች፣ አልቆጣችሁም፣ እኔም ከዚራ ጥላ ሥር ኮርቻለሁ። ግን ፊት ላይ በባሌስትራውና በአክሱ መሃል ብረት ወይም እንጨት ደርባችሁ አታስነሱ። ፍሬን ስትይዙ ያ ነገር ለመገልበጥ ነው የሚታገለው። ማንጠልጠያውን (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው የሚያገናኘውን) ማስረዘምም የአክሱን ማዕዘን ያዞረዋል፣ ከዚያ መሪው መንገድ አልይዝ ይላል።

አንድ ምክር ደግሞ ለድሬ ሰው። ይህን ሥራ ጠዋት አሠሩ። ከሰዓት ሽማግሌው በርጫ ላይ ነው፣ በዚያ ሰዓት ሥራ አይነካም፤ ግማሽ የተፈታ መኪና ይዛችሁ እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ትቀመጣላችሁ። እኔ ተቀምጫለሁ።

ቁመቷ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ ዘንጓም ወደ ቦታዋ መጣች። ፍሬኑን ለብቻው በባለሙያ አስፈተሽኩ። ከዚያ ወዲህ ደንገጎን በሙሉ ጭነት ስወርድ ሽታ የለም፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው የምወርደው። ግራ የኋላው ናይለን አሁንም ፍጥነት መቀነሻ ላይ እንደ በር ይንቋቋል።

እናቴን ባለፈው እንደምንም አሳምኜ እስከ አወዳይ ወሰድኳት። ወርዳ ወገቧን አልያዘችም። "እንዴት ነው?" አልኳት።

"ይሻላል" አለችኝ። ስትመለስ ግን በሚኒባስ ነው የመጣችው።